የጠዋቱ ቅልቅል

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ዛሬም የብሎኬቱ ጥንካሬ ከመሐል መስመሩ በታች ዋለ። አንድ ሁለት ቀን ቢሆን አልጨነቅም ነበር። ሳምንት አለፈው።

ከየዕለቱ ምርት ጥቂት ብሎኬት ሳልመርጥ አነሣለሁ። ሁለት ሳምንት ሞልቷቸው ጊዜያቸው ሲደርስ በመጭመቂያው ማሽን እሰብራቸዋለሁ፤ ምን ያህል እንደቻሉ አማካዩን ወስጄ ግድግዳ ላይ በለጠፍኩት ገበታ ነጥብ አደርጋለሁ። መሐል ላይ አንድ መስመር አለ፣ ከላይና ከታች ደግሞ ወሰን። ነጥቦቹ ከመሐሉ ከፍ ዝቅ ሲሉ ደግ ነው፤ ብሎኬትም እንደ ሰው ሁልጊዜ እኩል አይውልም። ተሰልፈው ወደ አንድ ወገን ሲተኙ ግን የሆነ ነገር ተለውጧል።

ለእትዬ ዘሐራ ነገርኳቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ማምረቻውን ብቻቸውን ይዘው የቆሙ ሴት ናቸው።

«ታችኛውን ወሰን አልፏል?»

«አላለፈም።»

«ታዲያ ምን አስበረገገሽ?»

«እትዬ፣ ሰው መታመሙ እኮ ሲወድቅ አይደለም የሚታወቀው። ልብሱ ሲሰፋው ነው።»

ገበታውን አዩት። «ፈልጊያ እንግዲህ» አሉኝ።

የምፈልግባቸውን ጻፍኩ፦ አሸዋው ጭቃ በዝቶበት ይሆን? ሲሚንቶው ጋሸና ላይ ሲራገፍ ውሃ ነክቶት ይሆን? ማሽኑ? ብሎኬቱን ውሃ የሚያጠጡት ልጃገረዶች ቸኩለው ይሆን? ሰው? ሰውን መጨረሻ ላይ ጻፍኩት።

ስወጣ ጋሼ አያሌው በሩ ላይ ቆመዋል። ቅልቅል በማዘጋጀት ከሁላችንም አንጋፋ ናቸው። ልጃቸው ምናሉ አብሯቸው ይሠራ ነበር። ጥቅምት መግቢያ ላይ የተሳፈረበት መኪና ቁልቁለቱ ላይ ተገልብጦ ሞተ፤ አገራቸው ብልባላ ወስደው ቀበሩት። ሳምንቱ ሳይወጣ ሥራ ገቡ። ሲያለቅሱ ያየ ሰው የለም።

«በልተሽ ነው የዋልሽ ልጄ?» አሉኝ።

«በልቻለሁ ጋሼ። አንቱስ?»

«እኔማ...» ብለው ኮታቸውን ሰበሰቡና ሄዱ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

አሸዋውን ጠርሙስ ውስጥ በውሃ በጥብጬ አስተኛሁት። ጭቃው እንደ ዱሮው ጥቂት ነው። ሲሚንቶው ዱቄት ነው፣ አልጓጎለም። ከሰይድ ጋር ማሽኑን ፈታትተን አየነው። ሰይድ የከሰዓቱን ቅልቅል የሚያዘጋጀው ነው፤ እጁ የማያውቀው ብሎን የለም። «ወላሂ ማሽኑ ንጹሕ ነው» አለኝ። ውሃ የማጠጣቱም ነገር እንደ ወትሮው።

ከምሳ በኋላ አንድ ነገር ሠራሁ። ቀድሜ ልሠራው የሚገባ፣ ግን እያወቅሁ የሸሸሁት ነገር። ነጥቦቹን የጠዋትና የከሰዓት ብዬ ለየኋቸው። አዲስ ገበታ፣ ሁለት ቀለም እርሳስ።

የከሰዓቱ፣ የሰይድ፣ እንደ ድሮው መሐሉን እየተሻገረ ይዘላል።

የጠዋቱ ሁሉም ወድቋል። ምናሉ ከተቀበረ ወዲህ አንድም ቀና ያለ ነጥብ የለውም።

ጠዋት ቅልቅሉ የጋሼ አያሌው ነው።

እርሳሱን አስቀመጥኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ያጣሁትን አገኘሁ እኮ። ከመነሣቴ በፊት ዛሬ ጊዜው የደረሰውን የጠዋት ናሙና ሰበርኩ። ታችኛውን ወሰን አልፎ ወረደ።

ለማንም አልነገርኩም። ነገ ቆሜ ሳላይ አፌን አልከፍትም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

የውሃውን በርሜል የማይ መስዬ ጋሼ አያሌው አጠገብ ቆምኩ።

ሥራው ቀላል ነው። ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ቁጥሩ የታወቀ ሳጥን አሸዋና ጠጠር። ምናሉ አካፋውን ተደግፎ ከአባቱ ቀኝ ይቆምና ጮክ ብሎ ይቆጥር ነበር፦ «ሁለት በሉ! ሦስት በሉ!» ግቢው ሁሉ ይሰማዋል። እንደ ዘፈን ለምደነው ማንም ልብ አይለውም ነበር።

ጋሼ ገለበጡ። ደግመው ገለበጡ። ከዚያ ባዶውን ሳጥን እንደያዙ ቆም አሉ፤ አንገታቸው ወደ ቀኝ ዘመም አለ። የሚጠብቁት ነገር አልመጣም። ገለበጡ። እንደገና ቆሙ። እኔ በልቤ ስቆጥር ልኩ ሞልቷል፤ እሳቸው ግን አላቆሙም፤ አንድ ጨመሩ፣ ሌላም ጨመሩ።

«ጋሼ፣ ስንተኛው ነው?»

ሳጥኑን ደረታቸው ላይ አቅፈው አዩኝ።

«እኔ መቼ ቆጥሬ አውቃለሁ ልጄ። የሚቆጥርልኝ እሱ ነው።»

«ነው» ነው ያሉት። «ነበር» አላሉም።

እትዬ ዘሐራ ስነግራቸው ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጡ። «ቤት ተቀምጦ ከሚብሰለሰል ሥራ ያስረሳዋል ያልኩት እኔ ነኝ። ያ ረቢ። ለደግ ብዬ።»

ሰይድ ሰምቶ ኖሮ ገባ። «ወሰኑን ያለፈው የትናንቱ ብቻ ነው። ዝም ብለን እናስተካክለው። የሄደው ሄዷል።» ክፋት አይደለም፤ ለጋሼ ፈርቶላቸው ነው።

«የሄደውማ የት ሄደ?» አሉ እትዬ።

አውቀዋለሁ። ከጠዋቱ ቅልቅል ሁለት ጭነት ብልባላ ሄዷል። ጤና ጣቢያው አጠገብ ሕዝቡ አዋጥቶ የእናቶች ማቆያ እየሠራ ነው፤ ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው እስኪደርስ የሚያርፉበት።

«ሰይድ፣ የእኔ ወይም ያንተ እህት ብትተኛበትስ?» አልኩት።

ሰይድ አንገቱን ደፋ። እትዬም ወደ እኔ ዞረው «ላያሌው ንገሪው። ሥራ አላስለቅቀውም በይው፣ አስቀድመሽ እሱን ንገሪው። እኔ ፊቱን ማየት አልችልም» አሉኝ።

ከውኃ ታንከሩ ጥላ ሥር አስቀምጬ ነገርኳቸው። ገበታውን አላሳየሁም፤ ምን ያደርግላቸዋል። አሸዋው ከልኩ እየበዛ ነው፣ ብሎኬቱ እየሳሳ ነው፣ ከሐዘኑ ወዲህ ነው አልኳቸው።

ጋሼም ጠየቁኝ፦ «የት የተጫነው ነው?»

«ብልባላ።»

«የእናቶቹ ቤት?»

«አዎ ጋሼ።»

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። የጥፍራቸው ሥር በሲሚንቶ ነጥቷል። «ልጄን ባስቀመጥኩበት መሬት... ደግሞ የሰው ልጅ ላይ ግድግዳ ልጥል ነው?»

«አልወደቀም። ገና ጣሪያ አልወጣበትም። እንደርስበታለን።»

«ነገ እሄዳለሁ። እኔው ነኝ የማፈርሰው።»

ከሰዓት ከሰይድ ጋር አንድ ጣውላ ላይ ምስማር መታን፤ በየምስማሩ የጠርሙስ ክዳን ሰቀልን። አንድ ሳጥን ሲገለበጥ አንድ ክዳን ይወርዳል፤ ባዶ ሲሆን ይበቃል፤ የሚያወርደው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። የማንም ሰው ልብ ሌላ ቦታ ቢውል ልኩ እንዳይጠፋ። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነበር። ሰይድ በዚያው ቀላቀለ። እኔም ናሙና ያዝኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ደክሞኛል፣ ግን ሳልጽፈው አልተኛም።

በማለዳ በእትዬ ዘሐራ አይሱዙ ሄድን፤ ጋሼ፣ ሰይድ፣ እትዬና እኔ። ከኋላ የተጫነው ምትክ ብሎኬት ሁሉ ተፈትሾ ያለፈ ነው። መንገዱን ሙሉ ጋሼ አልተናገሩም። ብልባላ ስንደርስ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረው ተሳለሙ፤ ወደ መቃብሩ አልሄዱም።

ሰዎች ሲያዩዋቸው ለለቅሶ የመጡ መስሏቸው ነጠላቸውን እያጣፉ ተሰበሰቡ። «እግዜር ያጥናዎ፣ እግዜር ያጥናዎ።»

«ለለቅሶ አልመጣሁም» አሉ ጋሼ። «ግድግዳችሁን ላፈርስ ነው የመጣሁት።»

ጉርምርምታ ሆነ። የሥራው ኃላፊ የሆኑት ሽማግሌ፣ አለቃ ደሴ፣ ተቆጡ። «ይህን ለማቆም ሰዉ በአህያ ውሃ ሲያመላልስ ከርሟል እኮ! ምን በወጣው ይፈርሳል?»

እኔ ላስረዳ አፌን ከፈትኩ፤ ስለ አማካይ፣ ስለ ወሰን። የተናገርኩት ለራሴም አልገባኝም። ጋሼ አለፉኝና ወደ ግድግዳው ሄዱ። ከላይኛው ድርድር አንዱን ብሎኬት በመዶሻ ጫፍ ነካ አደረጉት። ማዕዘኑ እንደ ደረቀ ቂጣ ተፈረከሰ። ፍርካሹን በመዳፋቸው ይዘው ለአለቃ ደሴ ዘረጉላቸው።

«ልቤ ከእኔ ጋር አልነበረም፣ አለቃ። የሠራሁት እኔ ነኝ። እነዚህ ባያዩብኝ ኖሮ እኔም አላየውም።»

አለቃ ደሴ አሸት አሸት አድርገው አራገፉት። ቁጣቸው ሄደ። «በል እንግዲህ፣ ነገ ሚካኤል ነው። ዛሬውኑ ይውረድ» አሉ። እትዬ ዘሐራ ሻሻቸውን አጥብቀው ካሰሩ በኋላ መጀመሪያ ብሎኬት የተቀበሉት እሳቸው ናቸው።

ከበታች ያሉት ድርድሮች ከሐዘኑ በፊት ከመጣው ጭነት ናቸው፤ ደህና ነበሩ። እኔ በኖራ ምልክት አደረግሁ፣ ወንዶቹ አወረዱ። ጋሼን እረፉ ብንል እምቢ።

አንዲት ነፍሰ ጡር ጥላው ሥር ተቀምጣ ስታይ ነበር። ሲጠማን ውሃ አመጣች። ጋሼ ጣሳውን ከመቀበላቸው በፊት ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ይቅር በይኝ ልጄ። አንቺ የምትተኚበትን ነው።»

ልጅቱ ደነገጠች። «ምን ነው አባቴ? ሳይወድቅብኝ ነገሩኝ እኮ። ውሃውን ይጠጡ።» ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ምናሉን አውቀዋለሁ። ከወንድሜ ጋር ነው ያደገው። ሁሌ ይስቅ ነበር።»

ጋሼ ጣሳውን መሬት አስቀመጡ። ፊታቸውን በባርኔጣቸው ሸፈኑ። መጀመሪያ ትከሻቸው ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። ከዚያ ድምፅ ወጣቸው፤ እንዲህ ያለ ድምፅ ከዚያ ዝምተኛ ሰው ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሥራው ሁሉ ቆመ። ሴቶቹ አብረው ጮኹ። ሰይድ ፊቱን ወደ መኪናው አዞረ። እትዬ ዘሐራ አጠገባቸው አቧራው ላይ ተቀምጠው «አብሽር አያሌው፣ አልቅስ፣ አልቅሰው ወንድሜ» ይላሉ።

ስንመለስ ጋሼ አብረውን አልመጡም። እዚያው ብልባላ፣ ሚስታቸው ጋ ቀሩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። ሚካኤል።

ሥራ የለም። ቤተ ክርስቲያን ስሜ ተመለስኩ። ቀኑን ሙሉ ጣራ ሳይ ዋልኩ።

ኮምቦልቻ ስማር በምርት ላይ የሚታይ ልዩነት ሁለት ዓይነት ነው ብለውናል። አንደኛው ከሥራው ጋር አብሮ የተፈጠረ፣ የማይቀር። ሌላው ከውጭ የገባ፣ ምክንያቱ የሚታወቅ። «ልዩ ምክንያቱን ፈልጋችሁ አስወግዱ» ይላል መማሪያው። ለፈተና ሸምድጄው ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። ልጁ የሞተበት አባት እንዴት ነው የሚወገደው?

ደግሞም ከሁለቱ የትኛው ነው? ሞት ከውጭ የሚገባ ነው ወይስ ከሥራው ጋር የተፈጠረ?

እናቴ ደወለች። «ምነው ድምፅሽ?» አለች። ጉንፋን ነው አልኳት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

የረቡዕ ከሰዓቱን ናሙና ሰበርኩ። ገና የሦስት ቀን ብሎኬት ነው፤ ተስፋ እንጂ ፍርድ አይሆንም። ግን በዚያ ዕድሜያቸው ከሰበርኳቸው የቀድሞ ጥሩዎቹ ጋር ተስተካከለ። እርስ በርሳቸውም ተቀራረቡ። ሰይድ አጨበጨበ። እኔ ነጥቡን አስቀምጬ እጄን ታጠብኩ።

እትዬ ዘሐራ የጠዋቱን ቅልቅል ለጊዜው ለሰይድ ሰጡት። ሌላ ሰው እንቅጠር ሲባሉ «ቦታው ሰው አለው» ብለው ዘጉት።

ከምሳ በኋላ ጋሼ ደወሉ። ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥተው ነው፤ ያለከልካሉ።

«ብሎኬቱ እንዴት ሆነ?»

«ደህና ነው ጋሼ። ግድግዳውስ?»

«ሰኞ ይቀጥላል። ቆሜ አሠራለሁ። እቆጥርላቸዋለሁ እንዳልልሽ አልችልም፤ እያየሁ ግን እቆማለሁ።»

«መቼ ነው የሚመለሱት?»

«እሱን አትጠይቂኝ።»

እንዳይዘጉብኝ ፈራሁ።

«እመቤት» አሉኝ። በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «ነገ አርባው ነው። ጾሙ ሳይገባ እናውጣው ብለን። ለዘሐራም ንገሪያት፤ የእስላሙን ለብቻ አሰናድተናል፣ የሚያርድ ሰው ከገበያው ጠርቼላታለሁ። ትመጫለሽ?»

«እመጣለሁ ጋሼ።»

«በጠዋት ነይ። ሰው ሳይበዛ መቃብሩ ጋ ልሂድ ብያለሁ። እስካሁን አልሄድኩም። ብቻዬን እግሬ እምቢ አለኝ።»

እትዬ ዘሐራ ስነግራቸው ወዲያው ለሹፌሩ ደውለዋል። ጥቁር ነጠላዬን አጥቤ አስጥቻለሁ፤ በዚህ ብርድ እስከ ጠዋት ይደርቅ እንደሆን እንጃ። እርጥቡንም ቢሆን ለብሼው እሄዳለሁ።