የሳን ሲሞን ባንድ ለሁለት የተከፈለ ጊዜ

ይድረስ ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለአቡንዲዮ፣ ሳን ኪንቲን።

እንደምን ሰንብተሃል ወንድምዬ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይስ ቲማቲም ለመልቀም ባጎነበስክ ቁጥር አሁንም ይይዝሃል? ሚስትህ ዴልፊናስ ደኅና ናት? ትንሿ ኤልቪያ ጥርስ አወጣች? በዚያ በአቧራ አገር ውኃው ይስማማታል? እማዬ በየቀኑ ስለ ልጅቷ ትጠይቀኛለች፤ እኔ ከየት አውቄ እንደምነግራት እንጃ። እኛ ሁላችን እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እማዬ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ምላሷ ምንም አልሆነም። አባባ ወፍሯል። በቆሎው ዘንድሮ አምሮልናል፤ ዝናቡም ሳያበላሸው በጊዜው አባራ።

ባለፈው ቶማሳ ሱቅ ደውለህ «መቼ ነው የምትመጪው?» ስትለኝ «እጽፍልሃለሁ» ብዬ ስልኩን የዘጋሁብህ ጠልቼህ አይደለም። ቶማሳ ባንኮኒዋ ላይ ተደግፋ፣ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ከኋላዬ ጆሯቸውን አቁመው እንዴት ብዬ የቤታችንን ጉድ ላውራህ? እዚያ ሱቅ ውስጥ የተነፈስነው ሁሉ ምሳ ሳይደርስ ወፍጮ ቤት ይደርሳል። አሁን ግን ቁጭ ብዬ ከሥሩ ልንገርህ።

መምህር ቲቡርሲዮን አንተ የምታውቃቸው እጃቸው በጸናበት ጊዜ ነው። አባባን፣ አንተን፣ እኔን፣ መንደሩን በሙሉ ኖታ ያስተማሩን እጆች! ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ማንኪያ ሲይዙ ብቻ ነበር፤ ኋላ ባንዱን ሲመሩም መጣባቸው። አንዷ ምት ወደ ታች ስትወርድ ሦስት ትመስላለች። ግዙፎቹን ቱባዎች የሚነፉት የፊተኛዋን፣ ትሮምቦኖቹ የኋለኛዋን ይከተላሉ፤ ከበሮው ደግሞ ግራ ተጋብቶ ዝም ይላል። ደፍሮ «መምህር፣ እጅዎ...» የሚላቸው ሰው ግን ጠፋ። እኔም የክርስትና ልጃቸው ነኝና እንዴት ብዬ!

ምክትላቸው አባባ መላ አገኘሁ ብሎ ትራምፔቱን እየነፋ በጫማው ወለሉን መደብደብ ያዘ። ያንን ወፍራም የእርሻ ጫማውን ታውቀው የለ? ጧ፣ ጧ፣ ጧ! እኛም ዓይናችንን መምህር ላይ፣ ጆሯችንን አባባ እግር ላይ አድርገን ወራት አለፉ። ባንዱም ደኅና ይጫወት ነበር። ችግሩ መምህር እጃቸው ተንቀጠቀጠ እንጂ ጆሯቸው እንደ ዱሮው መሆኑ ነው። በኦገስት፣ በእመቤታችን በዓል፣ ቅዳሴ ላይ እየተጫወትን ሳለ እጃቸውን መሃል ላይ ቀስ ብለው አውርደው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። እኛ ምን ብናደርግ ጥሩ ነው? ሳናቋርጥ እስከ መጨረሻው ተጫወትን! ስንጨርስ ዞር ብለው፣ ቄሱ ባሉበት፣ «ማክሎቪዮ፣ የዚህ ባንድ መሪ የኔ እጅ ነው ወይስ ያንተ ጫማ?» አሉት። አባባም ዝም ቢል ምን ነበረበት? «አበልጅ፣ ጫማዬ ባይኖር ኖሮ ቅዳሴውም እስከ ነገ አያልቅም ነበር» አላቸው። ሕዝቡ ሳቀ። ነገሩን ያበላሸው ያ ሳቅ ነው። መምህር ቆባቸውን አንስተው ወጡ፤ አዛውንቶቹም መሣሪያቸውን እየተሸከሙ ተከተሏቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታይ ትስቅም ታለቅስም ነበር። ቱባዎቹ፣ ባሪቶኖቹና ትልቁ ከበሮ ከመምህር ጋር በግቢያቸው መለማመድ ጀመሩ። ትራምፔቶቹ፣ ሳክስፎኖቹና ወጣቶቹ ደግሞ ከአባባ ጋር በቅርጫት ኳስ ሜዳው። መምህር ግቢ በአጥሩ ሥር ስታልፍ ሆዱን የነፋው በሬ የሚያቃስት ይመስልሃል፤ ዜማ የሚባል የለም። ሜዳው ጋ ስትደርስ ደግሞ ጩኸት ብቻ፤ እግር የለው፣ ወገብ የለው። ሁለቱም ግን «እኛ ነን የሳን ሲሞን ባንድ» ይላሉ።

እኔና አብረውኝ ክላርኔት የሚነፉት መሃል ቤት ቀረን። ጠዋት መምህር ዘንድ፣ ከሰዓት አባባ ዘንድ እየሄድን እንነፋለን። አባባ እራት ላይ «የኔን ባቄላ በልተሽ ለሳቸው ትንፋሽሽን ትሰጫለሽ» ይለኛል። መምህር ደግሞ «ክርስትና ያነሳሁሽ ለጫማ ባሪያ እንድትሆኚ ነው እንዴ?» ይሉኛል። ከንፈሬ ቆሰለ። ሁለት አባት ያላት ልጅ ሆኜ በየትኛውም ቤት ወሬ ማውራት አቃተኝ። ደግነቱ ሴቶቹ አልተጣሉም፤ እማዬና የመምህር ባለቤት እትዬ ኤውላሊያ እንደ ወትሮው አብረው በርበሬ ይፈጫሉ። እትዬ ኤውላሊያ «ተያቸው፣ ሲደክማቸው ይተዉታል፤ ወንድ ሲያኮርፍ ምግብ አይቀንስም» ትላለች። እኔ ግን እንደሷ ልችለው አልቻልኩም። ሴፕቴምበር ላይ «ሥራ ፈልግልኝ፣ እዚያው አንተ ጋ ልምጣ» ብዬ የጻፍኩልህ ከዚህ ሸሽቼ ነው። ምክንያቱን ሳልነግርህ ቀርቼ ነበር፤ አንተም ሳትጠይቀኝ ማሸጊያ ቤት ቦታ ለምነህልኝ አልጋም አዘጋጀህልኝ። እግዚአብሔር ይስጥህ ወንድምዬ።

እንዲህ ሆነን የቅዱስ ስምዖን በዓል ደረሰ። በዋዜማው የሳንታ ኡርሱላ ባንድ ከተራራው ማዶ በጭነት መኪና መጥቶ መግቢያው መስቀል ጋ ወረደ። መቼም እንግዳ ባንድ በዜማ ሳንቀበል መንደር አናስገባም፤ እነሱ መስቀሉ ሥር በዩኒፎርማቸው ተሰልፈው፣ መሪያቸው ዶን ኤርሜሊንዶ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመው ጠበቁ። የመንደሩ ሰው ሁሉ ወጥቷል። መምህር ከነአዛውንቶቻቸው በቤተ ክርስቲያኑ መንገድ መጡ። አባባ ከነወጣቶቹ በወፍጮ ቤቱ መንገድ መጣ። ማንም ለማንም ቦታ ሳይለቅ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ጀመሩ። የተለያየ ማርሽ ነው አቡንዲዮ! ውሾቹ ሁሉ አላዘኑ። የቶማሳ ፈረስ ገመዱን በጥሶ ሸሸ። ዶን ኤርሜሊንዶ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ እጅ ነሳ። ከእንግዶቹ መሃል አንዱ «ሳን ሲሞን መንታ ወለደ እንዴ?» ሲል ሰማሁት።

ከዚያ ደግሞ የባሰው መጣ፤ ሁለቱም አቆሙ። መምህር እንደገና ለመጀመር እጃቸውን ቢያነሱ እጃቸው እንደ ቅጠል ተርገፈገፈ፤ በሰው ሁሉ ፊት በግራ እጃቸው ያዙት። አባባ ያንን አየ። ትራምፔቱን ከአፉ አወረደ። ፊቱን አይቼዋለሁ፤ የሚያፍረው ስለ ራሱ አልነበረም። ግን እሱም መጀመር አቃተው። እኔ ከክላርኔቶቹ ጋር በሁለቱ መሃል ቆሜ ነበር። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ክላርኔቴን ለጎረቤቴ አቀብዬ የመስቀሉ መደብ ላይ ወጣሁ። ሁላችንም በልጅነታችን የተማርነውን የእንግዳ መቀበያ ማርሽ ስሙን ጮክ ብዬ ጠራሁ። መጀመሪያ ወደ አዛውንቶቹ ዞሬ «አባቶች፣ እናንተን ይዤ ነው» አልኳቸው። ወደ ወጣቶቹም ዞሬ «እናንተ ደግሞ እንዳትሮጡ!» አልኩና እጄን አወረድኩ።

ገቡ! ሁሉም ገቡ! ቱባው ከእግሬ ሥር መደቡን ሲያንቀጠቅጠው፣ ትራምፔቶቹ ከላይ ሲመጡበት፣ ያን ያህል ጊዜ ሳንገናኝ የከረምን ሰዎች ተቃቅፈን የምንላቀስ መሰለኝ። ሁለተኛው ክፍል ላይ ትንሽ ተንገዳገድን፤ ሳክስፎኖቹ እንደ ልማዳቸው ቀደሙ፤ በዓይኔ ተቆጥቼ መለስኳቸው። መሃል ላይ ቀና ስል መምህር የሉም። ደነገጥኩ፣ ተቀይመው የሄዱ መስሎኝ። ለካ አንዱን አዛውንት «ወዲህ በለው!» ብለው ባሪቶኑን ነጥቀው እየነፉ ነው! ሁለት እጃቸው መሣሪያውን ሲያቅፍ መንቀጥቀጡ የት እንደገባ እንጃ። ስንጨርስ ዶን ኤርሜሊንዶ መጥቶ «ለመሪዋ» ብሎ እጅ ነሳኝ። እኔ ወደ ኋላዬ ዞሬ ማንን እንደሚል አየሁ፤ እስካሁን ይስቁብኛል።

በዓሉን ሙሉ እንዲሁ ስመራ ዋልኩ። ከሙታን ቀን በኋላ የመንደሩ ሸንጎ ተሰበሰበ። ያው እንደምታውቀው ብዙ ተባለ። «ሴት መርታን አታውቅም» ያለ አለ። «ነገ ሌላ መንደር ታገባና የመሪነቱን ዱላ ይዛብን ትሄዳለች» ያለም አለ፤ እትዬ ኤውላሊያ ከኋላ ሆና «እንግዲያው እዚሁ የሚያገባት ፈልጉላት፣ ግን የሚረባ ይሁን» አለችው። ከዚያ መምህር ተነሡ። «እጄ እንደማይታዘዘኝ ሁላችሁም አይታችሁ ዝም አላችሁኝ፤ ማክሎቪዮ ብቻ ነው የነገረኝ፤ እሱም በጫማው ነገረኝ፣ ብልግና ነው። ቢሆንም ነግሮኛል። ልጅቷ ትምራ» አሉ። አባባ ተነሥቶ «እሳቸው እንዳሉት ነው» ብሎ ተቀመጠ። እኔም ከመቀበሌ በፊት አንድ ነገር ለመንኩ፤ መምህር ለልጆቹ ኖታ እንዲያስተምሩ፣ አባባም ምክትሌ ሆኖ የነሐስ መሣሪያ ነፊዎቹን እንዲያለማምድልኝ። ሸንጎው እጁን አነሣ። መምህር የመሪነት ዱላቸውን እዚያው ሰጡኝ። እጀታው በላባቸው ጠቁሯል፤ በጨርቅ ጠቅልዬ ይዤው ገባሁ።

በማግሥቱ አባባ የመስካል አረቄ ጠርሙስ በእጁ ይዞ መምህር ቤት ሄደ። እማዬ ታረቁ ብላ ሻማ አበራች። እኔና እሷ ተከትለን ስንሄድ ሁለቱም ጠረጴዛ ይደበድባሉ! ስለ አንድ አሮጌ የቫልስ ዜማ ፍጥነት ነው የሚከራከሩት፤ እንደ ወትሮው፣ በሰላም። አሁንም ልምምድ ላይ አይለቁኝም። መምህር «ክንድሽን አሳጥሪው፣ ወፍ ነው የምታባርሪው?» ይሉኛል። አባባ ደግሞ ቤት ስንገባ «ጥሩ ነበር» ይልና ስህተቴን ሁሉ ከሾርባው ጋር ያቀርብልኛል።

እና ወንድምዬ፣ እንግዲህ አልመጣም። በስልክ መናገር ያቃተኝ ይሄ ነው። የለመንክልኝን ቦታ ለሚያስፈልጋት ስጣት፤ አልጋውንም እንደዚሁ። ደጅ የጠናሃቸው ሰዎች እንዳይቀየሙህ ይቅርታዬን አድርስልኝ። በኔ እንዳታዝን። ስወጣ ደስ ብሎኝ የምወጣ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ግን ማለዳ ስነሣ የማስበው ስለ ሁለተኛ ትሮምቦኖች ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቲማቲም ቢያሽግ ሣጥኑን ሁሉ ያበላሻል።

እማዬ «ልብህ እስኪሞላ ስሜሃለሁ በይልኝ» ብላለች፤ ለዴልፊናም የደረቀ በርበሬ በሰው እልካለሁ ትላለች። አባባ ሰላም ይልሃል፤ ወገብህን አስረህ ሥራ ይላል። መምህር እዚሁ አጠገቤ ቆመው «እኔንም ጻፊ፣ እጄ ነው እንጂ ሌላው ሰውነቴ ደኅና ነው በይው» ይላሉ። እትዬ ኤውላሊያ ኤልቪያን በሁለት ጉንጯ ሳምልኝ ብላለች። ክላርኔቶቼም በሙሉ ሰላም ብለውሃል።

ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም፤ ሁሉም ግቢውን ሞልተው መሣሪያቸውን እየሞከሩ ነው፣ አባባ በሩን ከፍቶ «መሪ፣ እንጀምር ወይስ እንሂድ?» ይለኛል። መሪ ብሎ ሲጠራኝ ገና አልለመድኩትም። ልሂድ።

እህትህ ሴልሳ
ሳን ሲሞን ያላቺ፣ ኦአሃካ
ኖቬምበር 17 ቀን 1996