የአጎቴ ልጅ ዓይንና የልብስ ሰፊው መኪና

ለተከበሩ ውድ አባቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎ ዘንድሮ ብርዱን እንዴት ቻለው? እናቴስ እንደምን አሉ፣ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ታላቅ እህቴ፣ ባለቤቷና ያ ጡት አልተውም ብሎ ያስቸገራት ልጇ እንዴት ናቸው? ታናሽ ወንድሜስ ቁመቱ እኔን ደረሰ ወይስ ገና ነው? ለአጎቴና ለባለቤታቸው እስከ ምድር ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ። እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር በአካሌ ደኅና ነኝ። እስከዚህ ያለውን ጮክ ብለው ለቤተሰቡ ያንብቡልኝ፤ ከዚህ በታች ያለውን ግን ለብቻዎ ይያዙት። ነገሩ የወንድምዎን ልጅ ይነካል፤ የአንድ የማያውቁትን ሰው ነፍስም ይነካል።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥራችን ልጀምር። ቀደም ሲል የስፖርት መኪና እንሠራለን ብዬ ብጽፍልዎ፣ አጎቴ «ልጆቻችን መኪና ፈጣሪ ሆኑ» ብለው በሰፈሩ ሁሉ አስወርተዋል አሉ። እውነቱን ልንገርዎ፤ የምንሠራው የውድ ስፖርት መኪና አምሳያ ነው። ከላይ የሚታየው አካል ብረት ሳይሆን ፋይበርግላስ የሚሉት፣ የመስታወት ክር በሙጫ ተነክሮ የደረቀ ነገር ነው። እሱ ተዘጋጅቶ ይመጣል። እኛ አንድ ያረጀ መኪና ገፍፈን ሻንሲውን፣ ማለትም ሞተሩንና ጎማዎቹን የሚሸከመውን የብረት አጥንት፣ እናስቀራለን። አዲሱ አካል አጭር ስለሆነ አጥንቱን ከመሐሉ ቆርጠን፣ አሳጥረን፣ መልሰን እንበይደዋለን። በዚያ ላይ ፋይበርግላሱ ይለጠፋል፤ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፤ ይቀባል። ፋቂው እኔ ነኝ። ብናኙ ቆዳዬ ውስጥ እየገባ እንደ ሳማ ይለበልበኛል። በያጁ የአጎቴ ልጅ ነው።

የአሁኗን መኪና ያዘዙት አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ናቸው። በየቀኑ ሱቃቸውን ዘግተው ይመጡና እንደ ሙሽራ ዙሪያዋን ያይዋታል። የወንበሮቿን ልብስ ራሳቸው በቀይ ቆዳ ሰፍተው አምጥተዋል። «ሚስቴን በሠርጋችን ዕለት በተውሶ ብስክሌት ነው ያመጣኋት። ሰንሰለቱ ቀሚሷን በላው፤ ይኸው እስከ ዛሬ ትወቅሰኛለች። በዚች ከተማውን አዙሬ አፏን አስይዛታለሁ» ይሉናል። የአጎቴ ልጅም «አባባ፣ በዚችማ ሌላ ሚስት እንዳያመጡባቸው» ብሎ ሲያሾፍባቸው እየሳቁ በመቀሳቸው ሊወጉት ይቃጣሉ።

ባለፈው ሐሙስ በሁለቱም ወንበር ላይ የአሸዋ ከረጢት ጭነን መኪናዋን በግቢው ውስጥ ነዳናት። ከዚያ እኔ ከሆዷ በታች ገብቼ በባትሪ ስመለከት በባለቤታቸው መቀመጫ በኩል ብየዳው ተሰንጥቋል። የአጎቴን ልጅ ጠራሁት። አጠገቤ ተጋደመና እኔ ባበራሁበት ሳይሆን ከዚያ ራቅ ባለ ቦታ ላይ አፍጥጦ «የቱ ጋ ነው?» አለኝ። ጣቱን ይዤ አስነካሁት። እየዳበሰ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደበት። አባቴ፣ ያን ጊዜ ገባኝ። የወንድምዎ ልጅ አያይም። ብርጭቆ ከጠረጴዛ ጠርዝ አሳልፎ ሲያስቀምጥ፣ ሸሚዙን ገልብጦ ሲለብስ፣ ድካም ነው እያልኩ ስስቅበት ኖሬአለሁ። ለካስ የብየዳው ብርሃን ዓይኑን ሲበላው ነበር። ያንንም አጥንት የበየደው በግምት ነው።

ብየዳው ቢለቅ መኪናዋ መንገድ ላይ ለሁለት ትከፈላለችና ሌላ በያጅ ተጠርቶ አካሉ ይከፈት ብዬ ብነግረው «አካሉ ተለጥፏል፤ ሳይሰበር አይነሳም። አሠሪያችን፣ የጋራዡ ባለቤት፣ ለምን ሲል ምን ልንለው ነው? በያጃችን ዕውር ነው ልንል?» አለኝ። ቀጥሎም «ስንጥቋ የፀጉር ያህል ናት። እዚህ ያመጣሁህ፣ አልጋዬን ያካፈልኩህ እኔ ነኝ፤ የበላህበትን ወጪት አትስበር» ብሎ ስንጥቁን በጥቁር ቅባት ለቀለቀው። እኔም ስሙን ሳላነሳ፣ ከሥር ያለው ብየዳ ተሰንጥቋልና ሰው ይየው ብዬ አሠሪውን ብለምነው «አንተ ፋቂ ነህ፤ ፋቅ» ብሎ መለሰኝ። ከዚያ ወዲህ ከአጎቴ ልጅ ጋር በአንዲት ክፍል እየተኛን ቃል አንለዋወጥም። ትናንት ብቻ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ «አባዬ እንዳይሰማ» አለኝ፤ አጎቴን ማለቱ ነው። ሌላ ነገር አልለመነኝም።

መኪናዋ ቅዳሜ ከጋራዡ ትወጣለች። ደብዳቤዬ ከዚያ በፊት ስለማይደርስዎ ምን ላድርግ ብዬ ልጠይቅዎ አልችልም። ነገ ሽማግሌው ሲመጡ በር ላይ ጠብቄ የስንጥቁን ነገር እነግራቸዋለሁ። እሳቸው ሲሰሙ የሚሆነውን አውቀዋለሁ፦ አሠሪው በያጁን ሲመረምር የዓይኑ ነገር ይወጣል፤ እኔም የአጎቴ ልጅም ከሥራ እንባረራለን፤ እሱም ከዚያ ወዲያ ወንድሜ ብሎ አይጠራኝም። እጄን ለመያዝ ከፈቀደ ወደ ዓይን ሐኪም እመራዋለሁ፤ ካልፈቀደም ከኋላው እሄዳለሁ።

ስለዚህ የምለምንዎ ይህን ነው። ወሬው ከሌላ አፍ ሳይደርሳቸው ወደ አጎቴ ይሂዱልኝ። የልጃቸውን ዓይን ነገር፣ ያጋለጥኩትም እኔ መሆኔን፣ ራስዎ ይንገሯቸው። አጎቴ ደጃቸውን ቢዘጉብኝ እሸከመዋለሁ። እርስዎ ከዘጉብኝ ግን የምገባበት የለኝም።

እናቴን በሁለቱም ጉንጫቸው ይሳሙልኝ፤ የጻፍኩትን ግን አይንገሯቸው፣ እንቅልፍ ያጣሉ። ለእህቴና ለባለቤቷ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ልጇን አቅፈው ይሳሙልኝ። ታናሽ ወንድሜ ትምህርቱን እንዳያቋርጥ፤ እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ስለቆምኩ ይኸው ፋቂ ነህ ሲሉኝ ተመልሼ እፍቃለሁ። ለአጎቴ የምልከውን ሰላምታ ነገሩን ከሰሙ በኋላ ያቅርቡላቸው፤ ከተቀበሉዎ።

ይህ እንደደረሰዎ በዚያው ቀን መልስ ይጻፉልኝ። ቤት ና ወይም አትምጣ፣ አንዱን ቃል ብቻ ቢጽፉልኝም ይበቃኛል።

ልጅዎ
ከጋራዡ በላይ ካለችው ክፍል
ረቡዕ፣ የካቲት ፲፬ ቀን