ብርድ ነው ያልኩት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4
ጅዳ። ዛሬም ያው ነው። ሐጃን አጠብኩ፣ ምሳ ሠራሁ፣ ልብስ አጣጠፍኩ። ሐጃ የአሠሪዬ የማዳም እናት ናቸው፤ ከወንበር ወደ አልጋ የማነሳቸው እኔ ነኝ። ወገቤ ግን... እግሬንም ይጠዘጥዘኛል። የአክስቴ ልጅ ሱአድ ከመካ ደወለች። «የሙከይፍ ብርድ ነው፣ አጥንትሽ ገብቷል» አለች። ውጭው ይፋጃል፣ እኔ የአየር ማቀዝቀዣውን ፈርቼ ሁለት ካልሲ ደርቤያለሁ። ማዳም አታውቅም። ካወቀች የመውጫ ቪዛ፣ ኹሩጅ አስመትታ ወደ አገር ትሸኘኛለች። ልጄ ኮሌጅ ልትጨርስ ገና ሁለት ዓመት ይቀራታል። ዝም ይሻላል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12
ሱአድ የካልሲየም ክኒን ላከችልኝ። «አጥንት ያጠነክራል፤ ቢስሚላህ ብለሽ ዋጪ።» ሁለት ሁለት እየዋጥኩ ነው። ውሃ ጥሙና የሆድ ድርቀቱ ግን ባሰብኝ። ምንድን ነው ይሄ?

እሑድ፣ ጥቅምት 23
የመወልወያ ጨርቅ ስጨምቅ የእጄ አንጓ ቋ አለ። ጨርቅ ስጨምቅ... ማዳም ጩኸቴን ሰምታ መጣች። «ያላ፣ ሐኪም ቤት።» አበቃልኝ አልኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27
ዶክተሯ ሱዳናዊት ናት። የደሙንም የአጥንቱንም ውጤት አየች።
«ካልሲየም ትወስጃለሽ?»
«አዎ፣ ለአጥንቴ።»
«አቁሚ። ደምሽ ውስጥ ሞልቶ ተርፏል።»
አንገቴ ውስጥ የስንዴ ፍሬ የሚያህሉ አራት ዕጢዎች አሉ አለች፤ የደሙን ካልሲየም የሚቆጣጠሩ። አንዷ አብጣ ከልክ በላይ እየሠራች ነው። ከአጥንቴ እየሳበች ደም ውስጥ ትለቀዋለች። አጥንቴ ከውስጥ ሳስቷል፤ አንጓዬም የተሰበረው ለዚህ ነው። ውሃ ጥሙም ከሱ ነው። ብርድም አይደል፣ የሰው ዓይንም አይደል። ዕጢዋ ከወጣች አጥንቱ ቀስ በቀስ ያገግማል አለች።

ማዳም አጠገቤ ሆና ሁሉን ሰማች። «ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምሽ?» አለችኝ። ከሳምንት ብዬ ዋሸሁ። ቆይቼ ግን አልቻልኩም፤ ከዓመት አልኳት። «እናቴን በዚህ አጥንት ነበር የምታነሺያት?» ከዚያ ወደ ዶክተሯ ዞራ ኦፕራሲዮኑ መቼ እንደሚሆን ጠየቀች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13
ከትናንት ወዲያ ኦፕራሲዮን ሆንኩ። አልሐምዱሊላህ። የወጣችው የባቄላ ፍሬ ታህላለች አሉ። ዓመት ሙሉ ያሰቃየችኝ እሷ ናት? ዛሬ ጣቴን ነዘረኝ። አጥንትሽ የተወሰደበትን ካልሲየም እየመለሰ ስለሆነ ደምሽ ውስጥ አነሰ አለች ዶክተሯ፣ ክኒኑንም አሁን ራሷ አዘዘችልኝ። ሱአድ ስትሰማ «እኔ አላልኩሽም ነበር?» ብላ እርፍ። ዓይን አውጣ። ስስቅ ቁስሌን አመመኝ።

ዓርብ፣ ጥር 15
መካ። ከማዳምና ከሐጃ ጋር ለዑምራ መጣን። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ ትናንት ታደሰ። ወገቤ ለቆኛል፤ አጥንቱ እስኪጠነክር ግን ዓመትም ሊፈጅ ይችላል፣ ከባድ እንዳላነሳ ተነግሮኛል። ሐረም መስጊድ ስንደርስ እንደ ልማዴ የሐጃን ተሽከርካሪ ወንበር ልይዝ ስል ማዳም እጄን አስለቀቀችኝ። «አንቺ ዝም ብለሽ ሂጂ። እኔ እገፋለሁ።»

የካዕባን ሰባቱንም ዙር እሷ ገፋች። እኔ ባዶ እጄን ከጎናቸው። ሐጃ ቀና ብለው አዩኝና «ሸምሲያ፣ ደከመሽ እንዴ?» አሉኝ። አልደከመኝም። እያለቀስኩ ነበር እንጂ አልደከመኝም።