ከገጻችን ስለተጠረገችው የማዶዋ ሴት

ይድረስ ለተከበሩ የብሮውዘር አምራች ድርጅቱ የአዳዲስ መሣሪያዎች ክፍል ዋና ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና በእርስዎ ሥር ሆነው ሳይጠየቁ የሰው ሥራ ለሚያቃኑት ባለሙያዎች ሁሉ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኔ፣ ምስጋና ይግባውና፣ ደህና ነኝ፤ ዓይኔ ጥቂት ከመድከሙና ወገቤ የወንበሩን ቅርጽ ከመያዙ በቀር የምነግርዎ ሕመም የለኝም።

ሥራዬ በሐይቅ ጀልባ ማመላለሻ መሥሪያ ቤት የመነሻ ሰዓቶችን የሚያሳየውን ድረ ገጽ መጠበቅ ነው። ጀልባው ሁለት ወደብ ስላለው ገጹም ሁለት ጠባቂ ነበረው፤ በወዲህ ዳር እኔ፣ በወዲያ ዳር አንዲት ሴት። እሷ ጠዋት ትሠራለች፣ እኔ ከሰዓት እረከባታለሁ፤ እንዲህ ተረካክበን ስንት ዓመት ስንኖር አንድ ቀን እንኳ በዓይን አልተያየንም። ይህ የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ የሥራ ሰዓታችንና የእኔ ዓይን አፋርነት ነው። የእርስዎን ውለታ ግን ከዚህ በታች በተራ አቀርባለሁ።

፩. በመጀመሪያ የማመሰግንዎ ባለፈው የብሮውዘርዎ እትም ስለሰጡን ቀለም ነው። ቀድሞ የገጹን ኮድ ስከፍት ሁሉም በጥቁር ይታየኝ ነበር፤ እርስዎ ግን ትእዛዙን ሰማያዊ፣ ቁጥሩን ቀይ፣ ማስታወሻውን አመድማ አደረጉልን። ለማያውቁ አንባቢዎች ላስረዳ፦ በኮዱ ውስጥ በሁለት ምልክቶች መካከል የተጻፈ ማስታወሻ ለተሳፋሪው አይታይም፤ የሚያነበው ኮዱን የከፈተ ሠራተኛ ብቻ ነው። ተረካቢው ምን እንደተነካ እንዲያውቅ የተጀመረ የሙያ ልማድ ነው። የማዶዋ የመጀመሪያ ማስታወሻም «የማዶው ወንድሜ፣ እሁድ ሁለት ጀልባ ብለህ ጽፈሃል፤ ሁለተኛዋን አንተ ልትቀዝፋት ነው?» የሚል ነበር። እኔም ቀዛፊ ከጠፋ እንደማላፍር መለስሁላት። ከዚያ ወዲያ ከሰዓቱ ሥር ያልጻፍነው ነገር የለም፤ የእሷ የጉልበት ሕመም፣ የእኔ የሚያፈስ ጣሪያ፣ ያሳረርሁት ድስት በምን እንደሚለቅ። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ «ዛሬስ ምን በላህ?» ብሎ የሚጠይቀኝ በዓለም ላይ ያ አመድማ መስመር ብቻ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል አንድ ብቻ ሆኖ አለቃችን ጠረጴዛ ላይ ስለሚከፈት፣ ሌላ መንገድ አልነበረንም፤ አልፈለግንምም።

፪. የስህተት መስኮቱም ግሩም ነው። ገጹን በከፈትሁ ቁጥር ብቅ ብሎ ጥፋቴን አንድ በአንድ ይዘረዝርልኛል። ልጆቼ አግብተው ከወጡ ወዲህ ቤቴ ውስጥ ጥፋቴን የሚነግረኝ ስለሌለ፣ መጀመሪያ ላይ እንግዳ የመጣልኝ ያህል ደስ ብሎኝ እንደነበር አልደብቅዎም። ሲውል ሲያድር ግን እንግዳው ከወቀሳ ሌላ ጨዋታ እንደማያውቅ ተረዳሁ።

፫. የገጹን ክብደት የሚለካው መሣሪያ ገጻችን በስልክ መስመር ሲከፈት እንደሚዘገይና ከባድ እንደሆነ ነግሮኛል። እውነቱን ነው፤ የሁለት ሰው ኑሮ ተሸክሞ ነበር።

፬. አሁን ወደ ትልቁ ውለታዎ ልምጣ። በዚህኛው እትም ገጽ ማጽጃ የሚባል መሣሪያ ጨምረውልናል፤ ሠራተኛው ገጹን ሲያስቀምጥ፣ ለተመልካች የማይታየውን መስመር ሁሉ ሳይጠይቅ ይጠርገዋል። የመሣሪያው ማጥፊያ ቁልፍ ሦስት ምናሌ ተሻግሮ የተደበቀ ሲሆን፣ መሣሪያው ሲጫን ግን በርቶ ነው የሚመጣው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ የእርስዎ መሣሪያ ከዚህም ይሻላል፣ ቀንዱን ለይቶ አስቀምጦ ሥጋውን ብቻ ይበላል።

የማዶዋ ጡረታዋ ደርሶ ወደ እህቷ ከተማ ልትሄድ ነበር። በመጨረሻ ቀኗ ዋዜማ በጻፈችው ማስታወሻ «ነገ አድራሻዬን እተውልሃለሁ። ከወደድህ ጻፍልኝ፤ ካልወደድህ ዝም በል፣ አልቀየምህም» አለችኝ። በማግስቱ ሸሚዝ ቀይሬ ሥራ ገባሁ። ለኮምፒውተር ሸሚዝ የሚቀይር ሰው ካሳቀዎ ይሳቁ፣ መብትዎ ነው። ኮዱን ስከፍት አድራሻ የለም። የትናንቱም የለም፣ የአምናውም የለም፣ የእሷም የእኔም የለም። የመሥሪያ ቤቱ ቴክኒሻን አዲሱን እትም በዚያው ጠዋት በማዶ ወደብ ጭኖት፣ እሷ ጽፋ ስታስቀምጥ ማጽጃዎ ሥራውን ሠርቷል፤ ዋናው ኮምፒውተርም የሚይዘው የመጨረሻውን ቅጂ ብቻ ነው። ከላይ የቀረችው አንዲት አመድማ መስመር «ይህ ገጽ በአዲሱ ማጽጃችን ጸድቷል» ትላለች። የራስዎን ማስታወሻ ባለማጥፋቱ መሣሪያው ባለቤቱን እንደሚያውቅ ገብቶኛል።

ስንት ዓመት ሰዓቱን እየጻፍሁ ተሳፍሬበት በማላውቀው ጀልባ ሐይቁን ተሻገርሁ። በእሷ ቦታ የተተካው ሰው በትሕትና ባዶውን መሳቢያዋን አሳየኝ። የከተማዋን ስም እንኳ አያውቅም፤ ቁልፉን አስረክባ፣ ሰውን ሁሉ ደህና ሁኑ ብላ ወጥታለች። የሠራተኞች ጉዳይ ክፍል የጡረተኛ አድራሻ ለባዕድ አይሰጥም ብሎ ምኗ እንደሆንሁ ጠየቀኝ። ስመለስ በጀልባው ጫፍ ቆሜ አለቀስሁ። ተሳፋሪው የንፋሱ መስሎታል።

ክቡርነትዎ ይህን አንድ ነገር እንዲረዱልኝ እለምናለሁ። የጠፋብኝ አድራሻ ብቻ ቢሆን በቻልሁት ነበር። እሷ ግን ጽፋ፣ አስቀምጣ፣ መብራቱን አጥፍታ ነው የወጣችው፤ አንብቤ ዝም እንዳልኋት ነው የምታውቀው። ዝም በል ያለችው ደግሞ ካልወደድህ ብላ ነው። እኔ በሕይወቴ ያልተናገርሁትን እምቢታ የእርስዎ መሣሪያ በስሜ ተናግሮልኛል።

፭. ለደንበኞች እርዳታ ክፍልዎ ጽፌ ፈጣን መልስ ስላገኘሁም አመሰግናለሁ። ማጽጃው እንደታሰበው መሥራቱንና ገጻችን አሁን ሁለት ሴኮንድ ቀድሞ እንደሚከፈት በደስታ ገልጸውልኛል። እኩላለሁ ብሎ ዓይን ያጠፋ ሰው እንኳ በኩሉ አይኩራራም። በተረፈችኝ ሁለት ሴኮንድ ምን እንደምሠራባት ግን አልጻፉልኝም። ከሰዓት በኋላው እንደሆነ አላጥርም ብሏል።

ድርጅትዎ እያደገ፣ መሣሪያዎ እየበዛ እንዲሄድ እየተመኘሁ፣ ገጹም ቤቱም ጸድቶለት ከጸጥታ ጋር የቀረው፣ ምንጊዜም ታዛዥ ደንበኛዎ፣
በወዲህ ዳር ወደብ የጀልባ ሰዓት ጸሐፊው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ክቡር ሆይ፣ እውነቱን ለመናገር ይህ ደብዳቤ ለእርስዎ አልነበረም፤ እርስዎ ፖስታው ነዎት። የማዶዋ ይህን ደብዳቤ ያወጣውን ጋዜጣ ከዳር እስከ ዳር ሳታነብ አታድርም፤ የታተመውን ደግሞ ማጽጃዎ አይደርስበትም። የማዶዋ፣ በወደቡ የፖስታ አድራሻ ጻፊልኝ። ማስታወሻሽ አልደረሰኝም እንጂ ዝም አላልሁሽም።