አባ ዝለልና እኔ

ይድረስ ለልጄ፣ ለቤቴ ድምቀት፦

እንዴት ሰነበትሽልኝ የኔ እመቤት? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ሳል ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ይቀሰቅስሻል? መነፅርሽንስ ታደርጊያለሽ ወይስ እንደ በፊቱ ቦርሳሽ ውስጥ ተኝቶ ነው ክፍል የሚገባው? እናትሽስ ወገቧ ተሻላት? አያትሽስ እግራቸው ወጣ ወጣ ይላል? እኔ ደህና ነኝ። ልብስ ማጠቢያ ቤቱም እንደምታውቂው ነው፤ የሆቴሉ አንሶላ ይመጣል፣ ይታጠባል፣ ይተኮሳል፣ ነገ ደግሞ ቆሽሾ ይመለሳል። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም፤ እሱ ግን ብቻውን ክፍሉን ይሞላዋል።

ባለፈው ስደውልልሽ «አባዬ፣ ጨዋታ ላይ ነኝ፤ ሳልሞት ልጨርስና እደውላለሁ» ብለሽ ዘጋሽው። «ሳልሞት» የምትለዋን ስሰማ ልቤ ቀጥ አለች። አልደወልሽም። በነጋታው ምን ዓይነት ጨዋታ ነው ብዬ ስጠይቅሽ ካልተጫወትከው አይገባህም አልሽኝ። እውነትሽን ነው። ድሮ ምሳ ምን በላሽ ብዬ ስጀምር ወሬ ወሬን እየወለደ ካርዱ ነበር የሚያልቀው። አሁን «ደህና ነሽ?» «ደህና» ከተባባልን በኋላ ስልኩን ይዘን እንደ እንግዳ ዝም እንላለን። ደግሞ አንድ ቀን ለትምህርት መዝጊያችን ትመጣለህ ወይ ብለሽኝ፣ እኔም እንደ ልማዴ ነገሮች ይረጋጉ ብዬሽ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደግመሽ አልጠየቅሽኝም። አለመጠየቅሽ ነው ያሳሰበኝ።

አብሮኝ የሚኖረውን ጄኔሬተር የምንለውን ታውቂዋለሽ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለሆነ የወጣለት ስም ይመስልሻል፤ ሲያንኮራፋ ሰምተሽው ቢሆን ግን አትጠይቂም። አጎትሽ ያመጣልሽን ዓይነት አሮጌ ጨዋታ ሰዎች ሊጥሉት ሲሉ ለምኖ አመጣው፤ ገመዱን ቀጣጥሎ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘው። ባለፈው የእረፍት ቀናችን ካልሲዎቻችንን መስኮቱ ላይ አሰጣንና ተቀመጥን።

ያየሁትን በተራ ልንገርሽ። አንደኛ፣ ጃንጥላ የያዘ አጭር ሰውዬ አለ፤ ስሙን ስላላወቅኩ አባ ዝለል አልኩት። ሁለተኛ፣ ወደ ቀኝ ነው የሚኬደው፤ ለምን እንደሆነ ማንም አይነግርሽም። ሦስተኛ፣ ጉድጓድ አለ፣ የሚንከባለል ድንጋይ አለ፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ ወዲያ ወዲህ የሚል ሸርጣን አለ። ሙዚቃው ግን ሰውየው ገደል ቢገባም ደንታ የለውም። አራተኛውን ረሳሁት። አባ ዝለል ሲዘል እኔም ከወንበሬ ብድግ እላለሁ፤ በእጄ የያዝኩትን መቆጣጠሪያ፣ ጆይስቲኩን፣ ወደ ላይ ስጎትተው ጄኔሬተር ሆዱን ይዞ ይስቃል። እሱ ይዝለል እንጂ አንተ ቁጭ በል ጋሼ ይለኛል።

ትንሽ እንደሄድኩ አንዲት የምታበራ ፋኖስ ከኋላዬ እንደቀረች አየሁ። ልመለስና ላንሳት ብዬ ወደ ግራ ብሄድ፣ አባ ዝለል ጠርዙ ላይ ተለጥፎ ቀረ። እግሩ ይራመዳል፣ እሱ ግን ንቅንቅ የለም። የተበላሸ መስሎኝ ጄኔሬተርን ስጠይቅ፣ ያለፍከው አልፏል፣ ይሄ ጨዋታ ወደ ኋላ አይመልስም አለኝ። ምን ነካው እንዳትይኝ ልጄ፣ እዚያ ጠርዝ ላይ ትንሽ ቆየሁ። ትቼሽ ስመጣ የፊት ጥርሶችሽ ወልቀው ነበር። የበቀሉትን በፎቶ ነው ያየኋቸው።

ከዚያ ወደ ፊት ዞርኩ። ከፊቴ ጉድጓድ፣ ከጉድጓዱ ማዶ ሸርጣኑ። አባትሽን ታውቂዋለሽ፤ በር ቆልፌ ከሄድኩ በኋላ ተመልሼ የምገፋ ሰው ነኝ። ሸርጣኑ ይለፍልኝና እዘላለሁ ብዬ ቆምኩ። ይሄዳል፣ ይመለሳል። አሁን ልዝለል ስል ይመለሳል። ሙዚቃው እየፈጠነ ሲመጣ በርታ የሚለኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። ድንገት አባ ዝለል ጃንጥላውን ጥሎ ዘጭ አለ። ማን ገደለው ብል፣ ጄኔሬተር የቴሌቪዥኑ ጥግ ላይ ያለውን ቁጥር በጣቱ አሳየኝ።

«ሰዓቱ'ኮ አለቀ ጋሼ። ማንም ሳይነካህ ሞትክ።»

እሱ ስቆ ሻይ ሊጥድ ሄደ። እኔ ግን ነገሮች ይረጋጉ ያልኩሽ ትዝ አለኝ። ምን ነበር የምጠብቀው? አዲሱ ማሽን እስኪተከል፣ አዲሱ ሠራተኛ አንሶላ ማጠፍ እስኪለምድ፣ የአለቃችን ፊት እስኪፈታ። ማሽኑ ተተክሎ አርጅቷል። አዲሱ ሠራተኛ ዛሬ እኔን ያርመኛል። የአለቃችን ፊት ደግሞ ለካ ስትስቅም እንደዚያው ነው።

በነጋታው ከመተኮሻው ክፍል ላብ በላብ ሆኜ ወጥቼ አለቃችን ዘንድ ገባሁ። የምለውን በልቤ ደርድሬው ነበር፤ ሳያት ሁሉም ጠፋኝ። ልጄን ማየት እፈልጋለሁ፣ ይህችው ብቻ ወጣችኝ። የያዘችውን ፎጣ አስቀምጣ ቀና አለች።

«ልጅ አለህ እንዴ? ይሄን ሁሉ ዘመን ፈቃድ ጠይቀህ ስለማታውቅ፣ ማንም የሌለህ ነበር የመሰለኝ።»

ከዚያ ሂድ አለችኝ። ይኸው ነው፣ ሂድ። ወጥቼ የአንሶላውን ጋሪ ተደግፌ ቆምኩ፤ ደስ ይበለኝ ወይስ ላልቅስ አላወቅኩም። ማንም የሌለው። አንቺ እያለሽ።

ስለዚህ ለመዝጊያው እደርሳለሁ። ከወዲሁ ፈርቻለሁ፤ ቁመትሽ የት እንደደረሰ አላውቅም፣ ከጓደኞችሽ መሃል ለይቼሽ እንደምጠራሽም እንጃ። አንቺው ቀድመሽ ጥሪኝ። ሸርጣኑን ግን አሁን ጀርባውን ሲሰጥ እዘለዋለሁ። ከእሱ ወዲያ ምን እንዳለ አላየሁም፤ አንቺ ታሳይኛለሽ።

ለእናትሽ የምሥራቹን ራስሽ ንገሪያት፤ ነገር ግን ከባድ ዕቃ ተሸክማ ሳለ እንዳይሆን። አያትሽን እቅፍ አድርገሽ ሳሚልኝ፣ ጆሯቸው ስር ጮክ ብለሽም ይመጣል በያቸው። አጎትሽን ስለ ጨዋታው አመስግኚልኝ፤ ሲያመጣው ግን በሆዴ ረግሜው እንደነበር አትንገሪው። ድመቷንም ሰላም በያት፣ ካስታወሰችኝ።

እዚህ ያለን ጆይስቲክ ሁለት ነው። ጄኔሬተር ሲወጣ አንዱን እይዛለሁ፣ ሌላው ገመዱ እንደተጠቀለለ አጠገቤ ይቀመጣል። የአንቺም ሁለት ነው ብለሽኛል። የሁለተኛውን ገመድ ከአሁኑ ፍቺልኝ።

ናፋቂ አባትሽ

ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ በላይ ካለችው ክፍል
እሑድ፣ ግንቦት 14 ቀን