ሰማያዊው ካሴትሽና የደሴ «እኔና አትጠገብ»

ይድረስ ለአትጠገብ፣ መልስ ለማትጽፍልኝ ሚስቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ አልጀምርም። አንቺ ባለሽበት ብርድም የጉልበት ቁርጥማትም የለም ብለው ካህናቱ ነግረውኛልና ጤናሽን ሳልጠይቅ በቀጥታ ወደ ጠቤ እገባለሁ። ከተለየሽን ዓመቱ ሞልቶ አለፈ፤ ያለ አንቺ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ሙት ዓመትሽን በወጉ አውጥተናል። ጠላው አትጠገብ ከምትጠምቀው ይሻላል ብለው ያሙሽ ሰዎች ነበሩ። ስማቸውን አልነግርሽም፤ አንደኛው እኔ ነኝ።

የቤቱን ነገር ማወቅ ከፈለግሽ፣ ልጃችን ማስተዋል የበረንዳውን ቆርቆሮ አስቀየረችው። አሁን ዝናብ በመጣ ቁጥር የስፌት መኪናዬን እየጎተትኩ ወደ ውስጥ አልሮጥም። ጌሾው ጸድቋል። ድመትሽ ጎረቤት ገብታ እዚያው ቀረች፤ በበራቸው ሳልፍ ታየኛለች፣ እንደማታውቀኝ ፊቷን ታዞራለች። የማስተዋል ልጅ ሕይወት እዚሁ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ገብታ አብራኝ ትኖራለች። ሹሮ ስትሠራ ጨው ትረሳለች፤ በዚህስ አንቺን ነው የወጣችው።

ሐዘን ቤት ነውና ዓመቱን ሙሉ ዘፈን አልተከፈተም። ቴፕሽን በነጠላሽ ሸፍኜው ኖርኩ። ሙት ዓመቱ ባለፈ ሰሞን ሕይወት ነጠላውን ገለጥ አደረገችና፣ «አባባ፣ እማማ ትወደው የነበረው ባንድ አዲስ አልበም አወጣ እኮ» አለችኝ። የኔ ጣጣ የጀመረው ከዚያ ነው።

መብረቅ ባንድ፤ አዎ፣ አሁንም አሉ። ያ ጊታር የሌለው፣ ሳክስፎን የሌለው፣ ከበሮው ሳይቀር በኤሌክትሪክ የሚመታ፣ መብራት ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋው ባንድሽ። ኦርጋን ተጫዋቹ፣ ያ ባለ ጥቁር መነጽሩ፣ አላረጀም እያሉ ያወሩለታል። ፎቶውን ስልክ ላይ አይቻለሁ። ጸጉሩን ቀለም ተቀብቷል። ይህችን ወሬ ላደርስሽ ብቻ ብዬ ደብዳቤውን ጀመርኩ ብልሽ ውሸቴን አይደለም።

ለምን እንደምቀናበት ታውቂያለሽ። ይጁቤ ትምህርት ቤት ስታስተምሪ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ማታ ማታ በቴፕሽ ውስጥ አብሮሽ የነበረው እሱ ነው። ለኔ የደረሰችኝ ቅዳሜና እሑድ ናት፤ እሷም ቤተ ክርስቲያን፣ ገበያና ልብስ አጠባ እየተካፈሏት። ባትሪ ድንጋዩ ሲደክምበት ፀሐይ ላይ ታሰጪለት ነበር አሉ። እኔ ስደክም ፀሐይ ላይ ያሰጣኝ ሰው አላስታውስም።

አዲሱ አልበም እንደወጣ የባንዱ አፍቃሪዎች ሁሉ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደሴ ሱቅ መሰብሰብ ጀመሩ። ደሴን መቼም አልረሳሽውም፤ ያኔ ሙዚቃ ቤት ከፍቶ ካሴት የሚቀዳው። አሁን እዚያው ቤት ውስጥ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ይሸጣል። ሚስቱ ካረፈች ቆየች። ሽበቱን ማበጠር ጀምሯል፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ፀጉር ሠሪዋ ብርቄ አለች፣ ሕይወትና ጓደኞቿ አሉ፣ እኔም ክሬን ጣቴ ላይ እንደጠቀለልኩ እሄዳለሁ። ክርክሩ ያው የድሮው ነው፤ የመብረቅ ምርጡ የቱ ነው፣ መጥፎው የቱ ነው። እንደ ጥንቱ በካሴቱ ሽፋን ነው የምንጠራቸው፤ መጀመሪያ የወጣው ቀዩ፣ ሁለተኛው ቢጫው፣ ሦስተኛው ሰማያዊው። ብርቄ ለቢጫው ትሞታለች። ልጆቹ አዲሱን ይላሉ፤ አዲሱ ሽፋንም የለው፣ ስልክ ውስጥ ነው ያለው። እኔ አቋሜን አልለወጥኩም። ምርጡ ቀዩ ነው፣ በሠርጋችን የተጨፈረበት። መጥፎው ሰማያዊው ነው። ለምን ሲሉኝ ምክንያት እደረድራለሁ፤ ድምፁ ብረት ብረት ይላል፣ ግጥሙ አያልቅም እላለሁ። እውነተኛው ምክንያት አንቺ ስለምትወጂው ነው።

ታዲያ እዚያ ሱቅ ውስጥ ያልሞትሽው አንቺ ነሽ። ሁሉም አንቺን ይጠቅሳል። አንዱ፣ «እትዬ አትጠገብ ቀዩ ልጅነት ነው፣ ሰማያዊው ጉልምስና ነው ትል ነበር» ይላል። ሌላዋ፣ «እኔን ያለችኝ ደግሞ ሰማያዊውን የማይወድ ሰው አልተሰናበተም ማለት ነው፣ መሰናበት ምን እንደሆነ አያውቅም ነው» ትላለች። እኔ ይህን ከአፍሽ ሰምቼው አላውቅም። እዚያ ቁጭ ብዬ የሚስቴን ንግግር ከሰው አፍ እለቅማለሁ። አትጠገብ፣ ለስንቱ ስንቱን ተናግረሽ ኖሯል? ለኔ ግን ቤት ስትገቢ የምትናገሪው «በሩን ዝጋው፣ ብርድ ገባ» ነበር።

አንድ እሑድ ሕይወት፣ «እስቲ ሰማያዊውን ራሱን እንስማው» ብላ ከስልኳ ከፈተችው። የመጀመሪያው የካሴት ፊት እኛ እንደምናውቀው ነው። ወደ ሁለተኛው ሲሻገር ግን ማናችንም የማናውቀው ዘፈን መጣ። ቀጥሎም ሌላ የማናውቀው። ብርቄ፣ «ስልክሽ ተሳስቷል ልጄ» አለቻት። «አልተሳሳተም፣ ባንዱ ራሱ የለቀቀው ነው» አለች ሕይወት። «እንግዲያው ባንዱ ተሳስቷል» አለ አንድ ሽማግሌ። የአንድ አገር ሰው ሁሉ ባንዱን ራሱን የገዛ ሥራህን አታውቅም ብሎ ሲከስ አይተሽ አታውቂም።

ደሴ ቻርጀር ሲያስተካክል ቆይቶ ሳቅ አለ። «ስልኩም ልክ ነው፣ እናንተም ልክ ናችሁ» አለ። «ያኔ ከአዲስ አበባ የደረሰችኝ ሰማያዊ አንዲት ካሴት ነበረች። ሁለተኛውን ፊት ቴፑ በላብኝ። ሰው ቅዳልን እያለ በር ላይ ቆሟል። እትዬ አትጠገብ ከይጁቤ መጥታ ሱቅ ተቀምጣ ነበርና፣ ግማሹን ባዶ ከምትሸጥላቸው ከቀዩና ከቢጫው መርጠን እንሙላው አለችኝ። እሷ ይሄ ይቅደም፣ ያ ይከተል እያለች ትመርጣለች፣ እኔ እቀዳለሁ፤ ሰውም ባንዱ ራሱ የደገማቸው መስሎት ወሰደ። የማርቆስን ሰማያዊ የሠራነው እኔና አትጠገብ ነን።»

ልብ በይ፣ ወሬውን ሲጀምር እትዬ ነበርሽ። ሲጨርስ እትዬዋ የለችም።

ብርቄ በደስታ አጨበጨበች። ከማርቆስ እስከ ደብረ ኤልያስ ስንት ሠርግ የጨፈረው፣ ስንት ሹፌር መንገድ የገፋው አንቺ ባሰናዳሽው ካሴት ነው ማለት ነው። እኔ፣ «ዝናብ መጣ፣ ልብስ አስጥቻለሁ» ብዬ ወጣሁ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ሁሉም አይቶታል።

ቤት ስደርስ ከስፌት መኪናዬ ጋር ተጣላሁ፤ ክሩ አልገባ አለኝ። ይኸውልሽ፣ ዕድሜ ልክሽን የለበስሽው ቀሚስ ሁሉ በዚህ እጅ አልፏል። አንድ ቀን ይህ ቁልፍ ይቅደም፣ ያ ይከተል ብለሽኝ ታውቂያለሽ? «እንደመሰለህ አድርገው» ነው ያልሽኝ፤ ሁልጊዜም። ለደሴ ግን መረጥሽለት። አጠገቡ ተቀምጠሽ፣ ዘፈን ሲያልቅ ዘፈን እየጠራሽ፤ ምናልባትም እየሳቅሽ። ሳቅሽን ደግሞ አውቀዋለሁ፣ በትንሽ ነገር አይመጣም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ደሴ ሱቅ መሄድ ተውኩ። ገበያ ስወጣ እንኳ በላይኛው መንገድ ዞሬ ነው። ባጃጅ ነጂዎቹ፣ «ጋሽ ልየው፣ ምነው መንገዱ ረዘመብዎ?» እያሉ ያሾፉብኛል። ዶክተር እርምጃ አዞኛል እላቸዋለሁ። ደሴ አንድ ቀን ሕይወትን፣ «አያትሽን ሰላም በይልኝ፣ ምን አስቀየምኳቸው?» ብሎ ላከብኝ። ምን እንዳስቀየመኝ የማያውቅ ሰው የባሰ ያናድዳል።

ይህ ሳይበቃኝ ካሴትሽ ተፈለገ። የሌላው ሰው ሰማያዊ ሁሉ ወይ ተበጥሷል፣ ወይ ሻግቷል፣ ወይ ልጅ ፈትቶ ተጫውቶበታል። የደሴም ጠፍቷል። በደህና የሚሠራው ያንቺ ብቻ ነው። ሕይወት፣ «አባባ፣ ወደ ስልክ ልገልብጠውና ቴሌግራም ላይ ይውጣ፣ የእማማ አልበም ብለን» አለችኝ። ጠፍቷል አልኳት። «ኪስዎ ውስጥ ያለውስ ምንድን ነው?» አለችኝ። የክር ማጠንጠኛ ነው አልኳት። ልጅቱ ያንቺን ዓይን ይዛለች፤ ሲዋሽ የያዘችውን ሰው ብዙ አታዋርድም፣ ዝም ብላ ታየዋለች።

ምን ልበልሽ፣ ከስልክ ከገባ ማንም ይሰማሻል። ማንም ሲባል ደሴም አለበት። ይጁቤ ሳለሽ ለባለ መነጽሩ ተውኩሽ፤ አሁን ደግሞ ለአገር ሁሉ ላድልሽ? በመጨረሻ አንድ ነገር ፈቀድኩ። እቤት መጥተው ይስሙ፤ መስማት ይቻላል፣ መቅዳት አይቻልም።

እሑድ መጡ። ደሴን በሩ አጠገብ፣ ነፋሱ ማጅራት በሚመታበት በኩል አስቀመጥኩት። ብርቄ ከአዲስ አበባ የመጣ የእህቷን ባል ይዛ መጥታለች፤ የባንዱን ካሴት ሁሉ፣ ግልባጭ ያልሆነውን ዋናውን፣ ሰብስቦ የያዘ ሰው ነው አሉ። ካሴትሽን በገዛ እጄ ከተትኩት። ሁለቱንም ፊት እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሲያልቅ እንግዳው ጉሮሮውን ጠረገና፣ «አንደኛው ፊት ድንቅ ነው» አለ። «ሁለተኛው ግን የተለጣጠፈ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ቀርፋፋውን ከፈጣኑ፣ ቀዩን ከቢጫው ደባልቆታል። በመብረቅ ስም ከሰማሁት ሁሉ መጥፎው ይሄ ነው።»

አትጠገብ፣ የኔን ቃል ነው የተናገረው። ስንት ዘመን ፊትሽ ቆሜ ሰማያዊው መጥፎ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ድረስ ምስክር መጣልኝ። ነገር ግን ደሜ ፈላ። ደሴ ሊመልስለት አፉን ሲከፍት አየሁና፣ እሱማ አይቀድመኝም ብዬ ብድግ አልኩ።

«ስማኝ የኔ ወንድም» አልኩት። «መጀመሪያ ያለው ቀርፋፋው ዘፈን የተለጣጠፈ አይደለም። ዓርብ ክፍል ዘግታ ይጁቤ መንገድ ዳር መኪና የምትጠብቅበት ነው። መኪና ቶሎ አይመጣም፣ ስለዚህ ዘፈኑም ቶሎ አያልቅም። ቀጥሎ ያለው ፈጣኑ መኪናው መጥቶ ቁልቁለቱን ሲለቀው ነው። ያ ኦርጋን ብቻውን የሚያጉረመርመው አቀበቱ ነው፤ ዝናብ ከሆነ ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋል። የመጨረሻው አጭሩ፣ ከቢጫው የመጣው፣ እሱ ቤት መድረስ ነው። ያጠረውም ቤት ከደረሰች በኋላ ዘፈን ምን ያደርግላታል። ይህን መንገድ ያልጠበቀ ሰው ቅደም ተከተሉ አይገባውም።»

ይህን ሁሉ ከየት አመጣሁት እንዳትዪኝ። ከመናገሬ በፊት አላውቀውም ነበር፤ እየተናገርኩ ነው የታየኝ። እንዲያ አስበሽ ይሁን፣ ወይም ደሴ እጁ ላይ የመጣለትን ቀድቶ ይሁን፣ እውነቱን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ልክ ካልሆንኩ ስመጣ ትነግሪኛለሽ፤ እስከዚያው ልክ ነኝ።

ብርቄ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች። ደሴ ግን መሬት መሬት እያየ፣ «ለምን እንደዚያ እንዳስቀደመቻቸው እኔ ጠይቄያትም አላውቅ» አለ፤ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። «ዓርብ ዓርብ ነበር የምትመጣው። ይዤው ቤቴ ልግባ፣ ቶሎ በልልኝ ነበር የምትለኝ።»

ያን ጊዜ ከነፋሱ አወጣሁት። ወደ ውስጥ፣ ግድግዳው አጠገብ አስቀመጥኩት። ይህን ስልሽ ታርቀናል ማለቴ አይደለም፤ ሰውየው ጉንፋን ቢይዘው ስሜ ይጠፋል ብዬ ነው።

ካሴቱን ለሕይወት ሰጠኋት፤ ገለበጠችው። «ምን ብዬ ልሰይመው?» ስትለኝ፣ አትጠገብ በይው፣ ሌላ ስም እንዳትጨምሪበት አልኳት። አሁን በየሰው ስልክ ውስጥ አለሽ። ባለፈው ባጃጅ ተሳፍሬ አቀበቱ ጋ ስንደርስ ያ ብቻውን የሚያጉረመርመው ኦርጋን ተከፈተ፤ ነጂው ራሱን እየነቀነቀ ይነዳል። ዕድሜው ከሕይወት አይበልጥም፣ ማን እንደሆንሽም አያውቅም። አጠገቡ ተቀምጬ ቀናሁበት። «ጥሩ ነው?» አልኩት። «በጣም፣ ጋሼ» አለኝ። «እኔ አልወደውም» ብዬው ወረድኩ።

አትጠገብ፣ ሌላው ሰው ቃል ሲገባ አበባ አመጣለሁ፣ ሻማ አበራለሁ ይላል። ሻማውን ማስተዋል ታበራልሻለች። እኔ የምገባልሽ ቃል ሌላ ነው። በሕይወት እስካለሁ እሑድ እሑድ ደሴ ሱቅ ሄጄ ሰማያዊው መጥፎ ነው እላለሁ። አቋሜን አላለዝብም፣ አንቺም ያለዘበ ባል አትወጂም። ሌላ ሰው እንደኔ መጥፎ ነው ያለ ቀን ግን ልክ እንደዚያ እሑድ እነሳበታለሁ። አንቺን መቃወም የኔ ድርሻ ነው፤ ከአንድ ትዳር የተረፈኝ ርስት እሱ ነው፣ ለማንም አላካፍለውም።

ባልሽ
ልየው፣ ልብስ ሰፊው