ለእርስዎ ብለን

ሰኞ፣ የካቲት 3

ሰው ላይ ውሃ አልደፋሁም። ከእኛ በታች የምትኖረው ጎረቤት (ፎቁ ሁሉ «ሬዲዮ» ይላታል) ዘበኛው ላይ ውሃ ደፍታበታለች፣ ጃጅታለች ብላ አውርታለች። ምራቴ ደረጃ ላይ ሰምታ መጣች። ውሸት ነው። ውሃውን የደፋሁት እሳቱ ላይ ነው። ዘበኛው ከእሳቱ አጠገብ ቆሞ ነበር። ጫማው ረጠበ። ጫማው ብቻ። ውሃውም ንጹሕ ነው፤ ከራስጌዬ ጠርሙስ፣ ገና አፌን ያልነካ።

መስኮቴ የሚያየው ወደ ጓሮ ነው፣ ከሦስተኛ ፎቅ። ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ሲሆን፣ ዘበኛው የፎቁን ቆሻሻ ሰብስቦ ከሥሬ ያቃጥላል። የቆሻሻ መኪናው መንገዱ ጠበበኝ ብሎ መምጣት ከተወ ቆየ። ወረቀት ቢሆን ምንም አልልም ነበር። ፕላስቲክ ነው። ጭሱ ጥቁር፤ ሽታው ጉሮሮ ላይ የሚለጠፍ። ለልጄ ደጋግሜ ነገርኩት። «እሺ፣ እናናግረዋለን» አለ። እሺ እያለ ወር አለፈ። ዛሬ አላስቻለኝም።

ልጄ ከሥራ እንደገባ፣ «እማዬ፣ ምን ነካሽ?» አለኝ።

ምን ነካኝ? ጭስ ነካኝ።

«የሰው ራስ ላይ ውሃ ይደፋል?»

«ጫማው ላይ» አልኩ።

«ምን ልዩነት አለው?»

ከራስ እስከ ጫማ መሐል እኮ አንድ ሙሉ ሰው አለ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ሐኪም ቤት። በመኪና። ከመታጠፊያው ትንሽ አለፍ ብሎ ላለ ቦታ! የምሠራበት ሆስፒታል ከዚያም ይርቅ ነበር። የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ኃላፊ ሳለሁ በእግሬ ሄጄ በእግሬ ነበር የምመለሰው፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ። ዛሬ ልጄ ሞተሩን ሳያጠፋ በር ላይ ጠበቀኝ። የመኪናው ጭስ እየሸተተኝ ስለ ሳሌ ልታከም ገባሁ።

ሐኪሙ በዕድሜ የልጅ ልጄ ይሆናል። ደረቴን አዳመጠ። ውጤቱን የነገረው ግን ለልጄ ነው። እኔ መሐላቸው ተቀምጫለሁ፣ ለጥገና እንደ መጣ ዕቃ። «ከጭስና ከአቧራ ይራቁ። ብዙ ውሃ ይጠጡ። እንቅስቃሴም ያስፈልጋቸዋል።»

ልጄ ሁለቱን ሰማ። ሦስተኛውን አልሰማም። እኔ ሰምቻለሁ… የሚያመኝ ጉልበቴ እንጂ ጆሮዬ አይደለም።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ምራቴ ደግ ናት። ይህን አስቀድሜ ልጻፍ፣ ኋላ እንዳልረሳው።

ዛሬ ሁለት እሽግ ውሃ አሸክማ መጣች። ራስጌ ጠርሙስ፣ ጠረጴዛ ላይ ጠርሙስ፣ መታጠቢያ ቤት ጠርሙስ፤ ጥርሴን እንኳ የምጉመጠመጠው በእሱ ነው። ግማሹን ከጠጣሁ ቀሪውን ትደፋዋለች። «የተከፈተ ውሃ አያድርም፣ እማማ። ጀርም ይይዛል።» ሌላ ትከፍትልኛለች። ክዳኑ ሲፈታ ቀጭ ይላል። ቀኑን ሙሉ ቀጭ፣ ቀጭ።

ስንት ሕመምተኛ የተኛበትን አንሶላ በፈላ ውሃ ሳስጸዳ ኖሬ ስለ ጀርም ከእሷ ልማር?

ምሳዬም በፕላስቲክ ሣጥን ይመጣል፤ የተላጠ፣ የተከተፈ፣ የለሰለሰ። ማንኪያውም ፕላስቲክ፣ እንዳላጥብ። መጥረጊያ ሳነሳ፣ «ኧረ እማማ፣ ይተዉት።» ውሃ ላፍላ ስል፣ «ይቃጠላሉ።» ደረጃ ስል፣ «ይወድቃሉ።» ፊት ለፊት ካለው ክፍል ወደዚህ ያዛወሩኝም የመንገዱ ጩኸት እንዳይረብሸኝ ብለው ነው። ሁሉም ለእኔ ተብሎ። ምን ቀረኝ? መተንፈስ። እሱንም…

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

የሳምንት ቅዳሜ አናጢ ይመጣል። መስኮቴን ጥርቅም አድርጎ ሊያሽገው። በምትኩ ቬንትሌተር ይገዛል።

«እኔ ከመስኮቱ ጋር ጠብ የለኝም» አልኩ። «ጠቤ ከእሳቱ ጋር ነው።»

«እማዬ፣ በእሳቱ ከማን ጋር እንጣላ? ከፎቁ ሰው ሁሉ? መስኮቱ የራሳችን ነው።»

እውነቱን ነው፤ ሰው የሚዘጋው መዝጋት የሚገባውን ሳይሆን የቻለውን ነው። ምራቴ እጄን ያዘች። «ለእርስዎ ብለን እኮ ነው።» ይህቺን ቃል ስሰማ ምላሴ ይታሰራል። ሰው ሲከፋብኝ መልስ አላጣም። ሲያዝንልኝ ምን እላለሁ?

በልጅነቴ፣ በአዳሪ ትምህርት ቤት፣ ከአልጋ ስንነሳ መጀመሪያ መስኮት ነበር የምንከፍተው። ብርድም ቢሆን። ሳትከፍት አልጋዋን ያነጠፈች ልጅ አፍርሳ እንደገና ታነጥፋለች። እስካሁን መስኮት ሳልከፍት አንሶላዬን አልነካም። ከሳምንት በኋላስ?

እሑድ፣ የካቲት 9

ሳይነሱ ከፈትኩት። አየሩ ቀዝቃዛ፣ ንጹሕ። ትንሽ ቆሜ መልሼ ዘጋሁ። ኮቴዬን አጥፍቼ፣ እንደ ሌባ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ወረድኩ።

ቤት ማንም አልነበረም። ከዘራዬን ይዤ፣ የደረጃውን ብረት ጨብጬ፣ አንዱን እግር ከሌላው ጋር እያገናኘሁ። ጉልበቴ አመመኝ እንጂ ሥራውን አልረሳም።

ዘበኛው ጓሮ ጆንያ ሲፈታ ደረስኩበት። ደነገጠ።

«እማማ፣ ዛሬ ደግሞ በአካል መጡ?»

«ውሃ አልያዝኩም፣ አትፍራ።»

ሳቀ። «እኔማ ዣንጥላ ልይዝ ነበር።»

«ልጄ፣ ከመስኮቴ ሥር ለምን ታቃጥላለህ?»

«እዚህ መሆንዎን መች አወቅሁ? ከፊት ነበር የማውቅዎት። ያን ዕለት ውሃው ሲወርድብኝ ነው ቀና ብዬ ያየሁዎት።»

«ካየኸኝ በኋላስ?»

«ምን ላድርግ? ወደዚህ ያዞሩኝ ምራትዎ ናቸው። ቀድሞ ፊት ለፊት በር ላይ ነበር የማቃጥለው። ‹እማማ ጭስ አይወዱም፣ ወደ ጓሮ ውሰደው› አሉኝ። ወሰድኩ።»

መሳቅ አማረኝ፤ ሳል ቀደመኝ። ጭሱን ከእኔ አራቁት፤ ቀጥሎ እኔን ጭሱ ወዳለበት አዛወሩኝ። ሁለቱም በፍቅር። አንዱን ከሌላው ጋር ያገናዘበ የለም።

ከዚያ ጆንያውን ገለበጠው። የውሃ ጠርሙስ። ሰማያዊ ክዳን ያለው፣ ራስጌዬ ያለው ዓይነት።

«የሌላው ቤት ትንሽ ነው» አለ። «ይህን ጆንያ እኔ ‹የእማማ› ነው የምለው። አይቆጡኝ።»

ምን ብዬ ልቆጣ? ሳል ያዛት ብለው ውሃ ይገዙልኛል። ጠርሙሱ ይቃጠላል። ሲቃጠል ያስለኛል። ስስል ውሃ ይጨምሩልኛል። ዙሪያ ገጠም። በየት በኩል ይወጣል?

ስመለስ አቅቶኝ ሁለተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ሬዲዮ በሯን ከፈተች።

«ውይ እማማ፣ ወደቁ?»

«ተቀመጥኩ።»

«ወድቀው ነው እንጂ…»

«የወደቀ ሰው እግሩን አጣምሮ ይቀመጣል?»

ልጄ ከመምጣቱ በፊት ግን ወድቄአለሁ። በፎቁ ሰው ሁሉ አፍ ወድቄአለሁ።

ዓርብ፣ የካቲት 14

ከረቡዕ ጀምሮ በሩ ከውጭ ይቆለፋል። መጀመሪያ ቁልፉ ሲዞር ስሰማ ስህተት መስሎኝ ጠብቄ ነበር።

«እማዬ፣ አንቺን እያሰብኩ ሥራ መሥራት አልቻልኩም። አንድ ነገር ብትሆኚ ራሴን ይቅር አልልም።»

«እሳት ቢነሳስ?»

«አንቺ ደግሞ። ክፉ ክፉውን።»

እራት ላይ ስለ ጠርሙሱ ነገርኳቸው። ስለ ጆንያው። ዘበኛውን ወደ ጓሮ ማን እንዳዞረው ግን አላነሳሁም። በባሏ ፊት ለምን ላሳፍራት? ልጄ ሳቀ። «ታዲያ የቧንቧ ውሃ ልትጠጪ ነው?» ሳሌ የዕድሜ ነው አለ። ትንሽ ጭስ ነው፣ ድሮ በጭስ ቤት ያደገ ሰው ስንት ነው አለ። ምራቴ አልሳቀችም። ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እኔ እኮ ከሥራ ተሸክሜ የማመጣው…» ዓይኗ እንባ አቀረረ። ተውኩት። ሰሃኔን ማጠብ ፈልጌ ተነሳሁ። የሚጣል ሰሃን ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

አናጢው መጣ። ልቅም ያለ ሠራተኛ ነው፣ እሱን አልክድም። ጠርዝ ለጠርዝ አሸገው። እጀታውንም ነቀለ፣ እንዳልታገለው። «ከእንግዲህ ትንኝ አይገባም» አለኝ ደስ ብሎት።

ከሰዓት በኋላ ጭሱን በመስኮቱ መስታወት አየሁት። ድምፅ የለውም። ግን መጣ። በወጥ ቤቱ ቀዳዳ ዞሮ፣ በበሬ ሥር። ድሮ መስኮት ከፍቼ አስወጣው ነበር። አሁን ገብቶ አብሮኝ ይቀመጣል። ቬንትሌተሩ ያዞረዋል፤ ከእኔ ወደ ግድግዳ፣ ከግድግዳ ወደ እኔ።

አንሶላዬን ሳላነጥፍ ዋልኩ።

ሰኞ፣ የካቲት 17

ወሰንኩ። የጠርሙስ ውሃ አልጠጣም።

ሲወጡ በሩ ተቆለፈ። ወጥ ቤት ገብቼ የቧንቧ ውሃ ጣድኩ። ፈላ፤ ትንሽ ቆይቶ እንዲንፈቀፈቅ ተውኩት። በንጹሕ ጨርቅ አጠለልኩ፣ ከድኜ አቀዘቀዝኩ። አልተቃጠልኩም። የወጥ ቤቱ ምድጃ ከቀድሞው የልብስ ማጠቢያ ክፍል የውሃ ማፍያ ቦይለር አይከብድም።

ምራቴ ስትመጣ ጠርሙሶቹን እንዳሉ አገኘቻቸው። «እማማ፣ ምንም አልጠጡም?»

«ጠጥቻለሁ።»

«ምን?»

«ውሃ።»

ማሰሮውን አየችው። ፈራች። ልጄ ሐኪም ልጥራ አለ። «ጥራው» አልኩ። «ሲመጣ ግን እኔን ያናግር።»

ሐሙስ፣ የካቲት 20

ምራቴ ዛሬ ከቢሮ ፈቃድ ወስዳ በጊዜ መጣች። ልትለምነኝ። ካገባች ወዲህ በዚያ ሰዓት እዚህ ክፍል ገብታ አታውቅም፤ አሁን ነው ልብ ያልኩት።

አልጋዬ ጫፍ ተቀመጠች። «እማማ፣ ተቀየሙኝ?»

«አልተቀየምኩሽም።»

«ታዲያ እኔ ያመጣሁትን ውሃ ለምን…»

መብራት ጠፋ። ቬንትሌተሩ ቆመ። ወዲያው ሽታው መጣ። መናገር ጀምራ ጉሮሮዋን ያዘች። ሳለች፣ ደግማ ሳለች። እጇ ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ልትከፍት። እጀታውን ፈለገች። የለም። ጣቶቿ ጠርዙን ሲዳብሱ አየሁ። የምለው ሁሉ ከዚያ ያነሰ ነበር።

ከዚያ ወደ ታች አየች። ዘበኛው ጆንያውን ሲገለብጥ ሰማያዊዎቹ ክዳኖች ተዘረገፉ። እሳቱ ጥቁር ጭስ ተፋ።

«በየቀኑ ነው?»

«በየቀኑ።»

«ወደ ጓሮ ውሰደው ያልኩት እኮ… ያን ጊዜ እርስዎ ከፊት…»

«አዎ። ያን ጊዜ ከፊት ነበርኩ።»

ተነስታ ወጣች። በመስታወት አየኋት፣ ከዘበኛው ጋር። እጆቿ ብቻ ይናገራሉ። እሱ ራሱን አከከ። ከዚያ በአካፋ አፈር ማልበስ ጀመረ።

ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፣ በጭስ ይሁን በሌላ። ማሰሮውን አነሳች። «እንዴት ነው የሚያፈሉት? ያሳዩኝ።»

አሳየኋት። ጨርቁን በግልባጩ ያዘችው። አረምኳት።

ዓርብ፣ የካቲት 21

ዛሬ በጓሮ እሳት አልነደደም። የነገውን አላውቅም። የሌሎቹ ቤቶች ጆንያ አለ፤ ምራቴ በየበሩ አንኳኩታ ላናግር ብላለች። ለጠርሙሶቹ ደግሞ ዘበኛው የሚወስዳቸው ሰው አግኝቻለሁ አለ። ያለው ካለቀ በኋላ ሌላ እሽግ አይገዛም፤ ይህን ከአፏ ሰምቻለሁ።

መስኮቱ እንደታሸገ ነው። አናጢው ሌላ ሥራ ይዞ ሩቅ ሄዷል። መቼ ይመለሳል? ማን ያውቃል። ሳሉም አልለቀቀኝም፤ በአንድ ቀን ይለቃል ብዬ አልጠበቅሁም።

ስለ በሩ ግን ጠዋት ሳሎን ሲከራከሩ ሰማሁ።

«ብትወድቅስ?» አለ ልጄ።

«ቢወድቁ እናነሳቸዋለን። ተቆልፎባቸው ቢታፈኑስ?»

ሲወጡ ጆሮዬን ጣልኩ። በሩ ተዘጋ። ቁልፉ አልዞረም። ከቁርሴ አጠገብ አስቀምጦት ሄዷል። አንድም ቃል ሳይናገር፤ ልጄ ሲሸነፍ ከልጅነቱም እንዲህ ነው።

ቀኑን ሙሉ ኪሴ ውስጥ ዋለ። አልወጣሁም። ለምን? ዝም ብዬ በሩን ሳየው ዋልኩ። ፈራሁ እንዴ? ፈራሁ። የተዘጋ ሰው መዘጋቱን ይለምዳል፤ ይህን እንዳልለምድ ነው እዚህ የምጽፈው።

ነገ መጀመሪያ፦

ከአልጋ ከመነሳት በፊት ራሴ እስኪረጋ ጠርዙ ላይ መቀመጥ።

ውሃ መጣድ። ምራቴ ሳትነሳ፣ የእሷንም ጨምሬ።

ወፍራሙን ጫማ ማድረግ፣ የማያንሸራትተውን።

እስከ ሁለተኛ ፎቅ ብቻ መውረድ። እዚያ ቆሞ ማረፍ። መቀመጥ የለም። ከዚያ መመለስ።

ከመውረዴ በፊት ግን ከደጃፉ ውጭ መቆም፤ በሩን ከኋላዬ ራሴ መዝጋት።